የትምህርት ቤት ጓሮ አትክልት፦ ከመሬቱ በፊት ውሃውን ለኩ

የመስከረም አፈር ያታልላል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ዶማው በቀላሉ ይገባል፤ ተማሪውም ወላጁም ግቢውን ሁሉ መቆፈር ያምረዋል። ጥቅምት ሲገባ ግን ዝናቡ ይሄዳል፣ የቧንቧ ውሃውም በፈረቃ ነው። ፒያሳም ይሁን ልደታ፣ መሃል አዲስ አበባ ላይ የአትክልት ቦታ የምትጀምሩ በጎ ፈቃደኞች የመደቡን ስፋት በውሃችሁ ልክ ወስኑ።

በደረቁ ወራት ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ በአንድ ጊዜ 10 ሊትር፣ በሳምንት 3 ጊዜ ያዙ። 1 ሜትር በ6 ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች በሳምንት 360 ሊትር ይጠጣሉ፤ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ከሞላ ውሃ ሳምንቱን ቢጠፋም አትቸገሩም። ያላችሁ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ከሆነ በአንድ መደብ ጀምሩ። ከቀበና ወይም ከባንቲይቀጡ ወንዝ ግን አትቅዱ። የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ውሃ ልጆች የሚበሉት ቅጠል ላይ መፍሰስ የለበትም።

ቀኑን አብዛኛውን ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከአስፋልት ራቅ ያለና የግንባታ ፍርስራሽ ያልተደፋበት ቦታ ምረጡ። 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ጉድጓዱን ውሃ ሙሉት። በማግስቱም ካልሰረገ መደቡን ከመተላለፊያው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። ወርዱ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ልጆች ሳይረግጡት መሃሉ ላይ መድረስ አለባቸው፤ የተረገጠ ዋልካ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ሽታው ያልጠፋ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ካሮቱንም ሁለት ሦስት እግር ያስወጣዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይበቃሉ። ቲማቲም ተዉት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርደዋል።

ብዙውን ጊዜ የሚከሽፈው ካሮት ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ልጆች አንድ ቦታ ላይ ያፈሱታል፤ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ስጧቸው። በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው መስመር ላይ ይዝሩ። ውሃ ከጠጣ በኋላ የአፈሩ ፊት ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል፤ ቡቃያው ያንን መብሳት አቅቶት ከሥር ይቀራል። እስኪበቅል ድረስ እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ገለጥ እያደረጋችሁ እዩት። አረንጓዴው ብቅ ባለበት ቀን አንሱት፤ ሁለት ቀን ከዘገያችሁ ቡቃያው ይገረጣል። ጣት ያህል ሲያድግ በ5 ሴንቲ ሜትር አሳሱት። ካሮት አይዛወርም፣ የተነቀለው ይጣላል።

የቆስጣ ዘር ከአንዱ ፍሬ ሁለት ሦስት ቡቃያ ያወጣል፤ ጠንካራውን ብቻ አስቀሩና በ30 ሴንቲ ሜትር አራርቁ። ጠዋት ላይ ከግንዱ ተቆርጦ የወደቀ ችግኝ ካገኛችሁ ቆራጭ ትል ነው። ዙሪያውን በጣት ጫር ጫር ስታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ፤ ልቀሙት።

ቅዳሜና እሁድ የሚያጠጣ ሰው ከመዝራታችሁ በፊት ይወሰን፤ የግቢው ጥበቃ ፈቃደኛ ከሆኑ ስንት ጆግ እንደሚበቃ አሳዩአቸው። ቆስጣው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ይደርሳል፤ የዳር ዳሩን ቅጠል ብቻ ቁረጡ፣ መሃሉን ካልነካችሁት ለወራት ይሰጣል።