የእሳተ ገሞራ አመድ ቆርቆሮ ላይ ቢወርድ

በአዲስ አበባ አቅራቢያ ባሉት በወጨጫና በፉሪ ተራሮች ግርጌ የምንኖር ሰዎች፣ የቆምንበት መሬት ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ሥራ መሆኑን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ ተራራ ፈንድቶ አመዱ በነፋስ ተገፍቶ ቀይ ባሕርን በተሻገረበት ሰሞን፣ ጎረቤቶቼ «አመድ ከሆነ ጠርጎ መጣል ነው» ሲሉ ስለሰማሁ ይህን መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ። የእሳተ ገሞራ አመድ የምድጃ አመድ አይደለም፤ በውኃ የማይሟሟ፣ ጠርዙ ስለታም የሆነ የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው።

ስለዚህ አመዱ ወደ እኛ ቢደርስ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ከጣሪያው አሸንዳ ወደ ሮቶ የሚገባውን ቱቦ ንቀሉ፤ የሮቶውንም ክዳን ግጠሙ። ውጭ ስትወጡ አፍና አፍንጫን በደንብ የሚገጥም ጭምብል አድርጉ፤ ዓይን ከቆረቆራችሁም ሳታሹ በንጹሕ ውኃ ታጠቡ። አመዱን ከመጥረጋችሁ በፊት እንዳይቦንን ብቻ በጥቂቱ ውኃ አርከፍክፉበት፤ ብዙ ውኃ ከፈሰሰበት ግን ክብደቱ ጨምሮ ጣሪያውን ይጫናል፣ አሸንዳው ውስጥም ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። የመስኮት መስታወትን በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይቧጭረዋልና በውኃ ብቻ አለቅልቁት።