ከማህፀን ላፓራስኮፒ በኋላ ማስመለስን እንዴት መከላከል ይቻላል?

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስትወጪ መኪናው ያስመልስሻል? እንግዲያው ላፓራስኮፒ፣ ማለትም ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና፣ ከመግባትሽ በፊት ይህን አንብቢ።

መጀመሪያ ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሪ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ባለሙያዎቹ የማስታወክን ስጋት የሚጨምሩ አራት ነገሮችን ያያሉ፦ ሴት መሆን፣ አለማጨስ፣ መኪና የሚያስመልስ መሆኑ ወይም ከዚህ በፊት ከማደንዘዣ በኋላ ማስታወክ፣ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ማስታገሻ መውሰድ። አንዱም የሌለበት ሰው የማስታወክ ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ አራቱም ካሉ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። የእኛ አገር ሴት አብዛኛዋ አታጨስም፣ ስለዚህ ገና ከበሩ ሁለቱን ይዛ ነው የምትገባው። ታናሽ እህቴ የኦቫሪ ሲስት (በእንቁላል ማምረቻ ላይ የሚወጣ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) ሲወጣላት ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም "የመኪና ነገር እዚህ ምን አገባው" ብላ ዝም አለች። ሌሊቱን ሙሉ ሆዷን በእጇ ደግፋ ስታስመልስ አደረች።

"የማስመለስ መከላከያ መድኃኒት ይሰጠኛል? ስንት ዓይነት?" ብለሽ ጠይቂ። ስጋቱ ከፍ ካለ አንድ መድኃኒት አይበቃም። የተለመደው ዴክሳሜታሶን ማደንዘዣው ሲጀመር፣ ኦንዳንሴትሮን ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ሊያልቅ ሲል መስጠት ነው። ስኳር ካለብሽ ተናገሪ፣ ዴክሳሜታሶን ከፍ ያደርገዋል። በጋዝ ፋንታ በደም ሥር በሚሰጥ ፕሮፖፎል ማደንዘዝ ከተቻለም ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። ሜቶክሎፕራማይድ የሚባለው የማስመለስ መድኃኒት ብቻውን አያስተማምንም።

ጾሙ ሐኪምሽ እንዳለሽ ይሁን። በአብዛኛው ቀላል ምግብ ለማደንዘዣው 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፣ ውሃ ግን 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። ከማታ ጀምሮ በጥማት መቃጠል ጥቅም የለውም፣ ሰዓቱን ጠይቂ።

ስትነቂ ሕመሙን ዝም ብለሽ አትቻይው። ፓራሲታሞልና፣ ከተፈቀደልሽ፣ ዳይክሎፌናክ በሰዓቱ ከወሰድሽ ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ይቀንሳል፤ እሱ ራሱ ያስመልሳል። ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ተጎንጪ። ጠያቂ ዶሮ ወጥ ይዞ ከመጣ ሽታው ከክፍሉ ይውጣ! ኦንዳንሴትሮን ተሰጥቶሽ በ6 ሰዓት ውስጥ ካስመለስሽ ያንኑ መድገም ብዙም አይረዳም፣ ሌላ ዓይነት እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

ቤትሽ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ከሆነ በዚያው ቀን የጣርማበርን ቁልቁለት አትውረጂ። ስትሄጂ ከፊት ተቀመጪ፣ ፌስታል ያዢ፣ ለመንገድ የሚሆን ክኒን ከመውጣትሽ በፊት አጽፊ። ቤት ከገባሽ በኋላ ማስመለሱ አልቆም ካለ፣ ሆድሽ ከተነፋ ወይም ካተኮሰሽ ዝንጅብል ሻይ እየጠጡ መጠበቅ የለም፣ ሐኪም ቤት ተመለሺ።