የሰው ሕይወት ልትጽፉ ስትነሱ

የሌላ ሰው የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ስታስቡ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ተስማሙ። ረቂቁን ማን ያነበዋል? ባለታሪኩ «ይሄ ይውጣ» ቢሉስ ይወጣል ወይስ ትከራከራላችሁ? ክፍያው ስንት ነው፣ በማን ስም ይታተማል? ሁሉም በጽሑፍ ይቀመጥ። በኋላ ከመጣላት አሁን ትንሽ ማፈር ይሻላል።

ከዚያ ወደ ወሬው። «ያኔ ምን ተሰማዎት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ማንም የሚለው ነው የሚሆነው። አንዲት እናት «ልጅ ሆነን በጣም ተቸግረን ነበር» ቢሏችሁ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ አትለፉ። ጫማ ነበራችሁ? በሏቸው። «አንድ ጥንድ ነበረን፣ እኔ ጠዋት አድርጌው እማራለሁ፣ እህቴ በር ላይ ጠብቃ ትቀበለኝና ከሰዓት እሷ ትሄዳለች፣ ስለሚሰፋት ጨርቅ እንጠቀጥቅበታለን» ሲሉ ያን ጊዜ ችግሩ ታየ፣ እህትየዋም መጣች። የጥንቱ ግሪካዊ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ የታላቁ እስክንድርን ሕይወት ሲጽፍ፣ የሰው ጠባይ ሺዎች ካለቁበት ጦርነት ይልቅ በአንዲት ቃል ወይም ቀልድ ይታያል ያለው ይሄንኑ ነው። ባለታሪኩ ዝም ሲሉም ዝም በሉ። ቶሎ ብላችሁ ጥያቄ ከጣላችሁ ሊመጣ የነበረው ነገር ይቀራል።

ቀረጻውን በዚያው ቀን ገልብጡ፣ ሁለት ቦታም አስቀምጡ።

ሰው ሳይዋሽም ይሳሳታል። ዓመተ ምሕረቱን ከደብዳቤ፣ ከፎቶ ጀርባ፣ ከትምህርት ማስረጃ ጋር አመሳክሩ። ወንድማቸው የተለየ ነገር ከተናገረ ሁለቱንም ጻፉ፤ ፍረዱ ያላችሁ የለም። ያልነገሯችሁን ሐሳብ ግን እንዳሰቡት አድርጋችሁ አትጻፉ፣ ምንም ቢያምርላችሁ።

ከሁሉ የሚከብደው በታሪኩ ውስጥ ያለው ሌላው ሰው ነው። የቀድሞ ባል፣ የጎረቤት ልጅ፣ የሞተ ጓደኛ። እነሱ እናንተ ፊት ተቀምጠው አልተናገሩም፣ እሺም አላሉም። ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ሥራውና መልኩ ከተጻፈ የሚያውቀው ሰው ወዲያው ይለየዋል። እኔ የምለው፣ ታሪኩ ያለዚያ ምስጢር መቆም ከቻለ አውጡት።

ሲያልቅ ረቂቁን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ፊታቸውን እያያችሁ። «እኔ እንዲህ አላወራም» ካሉ፣ የወደዳችሁትን ዓረፍተ ነገር ሰርዙና የሳቸውን ቃል መልሱ።