«ነፃ የውሃ ምርመራ» ብሎ በር ለሚያንኳኳ ከመክፈታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው የሻወር ራስ ፎቶ ልኮልኛል። ሦስቱም ከከተማ አፓርታማ ወጥተው ዳር ያለ ሰፈር ከገቡ ወር አልሞላቸውም። ሦስቱም ቀዳዳዎቹን የደፈነ ነጭ ቅርፊት እያሳዩ «ይሄ ውሃ ይጠጣል?» ነው የሚሉት። ይጠጣል። አሜሪካ ለመጣ አዲስ ሰው ይህን ስመልስ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል፤ ከዛሬ በኋላ ፎቶ ለሚልክልኝ ይህንኑ ነው የምልክለት።

ነጩ ነገር በአብዛኛው ካልሲየም ነው። ውሃው በኖራ ድንጋይ መሃል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይመጣል፤ ሲሞቅ ወይም ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ጠንካራ ውሃ የሚሉት ይህንን ነው። በሊትር ውስጥ እስከ 60 ሚሊግራም ካለ ለስላሳ ይባላል፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ በጣም ጠንካራ። ጎረቤት «ግሬይን» እያለ ሲያወራ ብትሰሙ አትደናገጡ፣ 1 ግሬይን በጋሎን 17.1 ሚሊግራም በሊትር ማለት ነው። ኢፒኤ የሚባለው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለውሃ ጥንካሬ ገደብ እንኳ አላወጣም፤ የጤና ጉዳይ አይደለማ።

የሚያናድድ መሆኑን አልክድም። ሳሙና አረፋ አይወጣውም፣ ፀጉር ይደርቃል፣ ብርጭቆ ታጥቦም ያልታጠበ ይመስላል። ገንዘብ የሚያስወጣው ግን የውሃ ማሞቂያው ውስጥ የሚከማቸው ነው። ለሻወሩ ራስ ኮምጣጤ በፌስታል ሞልታችሁ እሱ ላይ አስራችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ይለቃል። ኮምጣጤና በረኪና ግን አንድ ላይ እንዳታደርጉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ሰው ቅርፊቱን እያየ ይጨነቃል፣ የማይታየውን ይረሳል። የማይታየው እርሳስ ነው፤ የሚጻፍበት ሳይሆን ብረቱ። ቀለም የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም። ኢፒኤ ለእርሳስ ያስቀመጠው ግብ ዜሮ ነው። የእርሳስ ቧንቧ መግጠም የተከለከለው በፈረንጆቹ 1986 ነው፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ውስጥ ከገባችሁ ይመለከታችኋል። ለመጠጥና ለምግብ ሁልጊዜ ከቀዝቃዛው ቧንቧ ቅዱ፣ ሙቅ ውሃ እርሳስን በደንብ ያሟሟል። «እኔ አፍልቼ ነው የምጠጣው» የሚሉኝ ደግሞ አሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስ አያወጣም፤ ውሃው ሲተን ጭራሽ ያጠራቅመዋል።

የውሃ ድርጅቱ በየዓመቱ እስከ ጁላይ 1 ድረስ የጥራት ሪፖርት ለደንበኞቹ የማድረስ ግዴታ አለበት። ተከራይ ከሆናችሁና የውሃ ቢሉ በአከራዩ ስም የሚመጣ ከሆነ አታዩትም፣ ድረ ገጻቸው ላይ ፈልጉት። ሲገኝ ደግሞ በምህጻረ ቃል የታጨቀ ሠንጠረዥ ነው፤ ሰው እንዳያነበው ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ጥንካሬው ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም። ደውላችሁ ጠይቁ፤ አንድን ተጫኑ፣ አራትን ተጫኑ፣ ሙዚቃ ስሙ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ቁጥሩን በአሥር ሰከንድ ይነግራችኋል። ልብ በሉ፣ ሪፖርቱ ስለ ድርጅቱ ውሃ ነው እንጂ ስለ እናንተ ቤት ቧንቧ አይደለም። የራሳችሁን ለማወቅ ስቴቱ እውቅና የሰጠው ላቦራቶሪ ዘንድ ማስመርመር ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

ቤት በገዛን በሁለተኛው ወር አንድ ሰውዬ በር አንኳኳ። ደረቱ ላይ ባጅ፣ እጁ ላይ ቦርሳ። «የአካባቢውን ውሃ እየመረመርን ነው፣ በነፃ ነው» አለኝ። ከውሃ ድርጅቱ የተላከ መሰለኝ፤ እሱም ነኝም አይደለሁምም አላለም። ገባ። ሁለት ብርጭቆ አስመጣኝና አንዱ ላይ የእኛን የቧንቧ ውሃ፣ ሌላው ላይ ይዞት የመጣውን የተጣራ ውሃ ቀዳ። ከዚያ የብረት እግሮች ያሏት ትንሽ መሣሪያ ነከረባቸውና ሶኬት ላይ ሰካት። ብዙም ሳይቆይ የእኛ ውሃ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጥቁር አረንጓዴ አተላ ሆነ። የእሱ ኩልል እንዳለ ቀረ። «ልጆችህ የሚጠጡት ይህን ነው» አለኝ። ልጆቼ አጠገቤ ቆመው ያያሉ።

አተላው ከውሃው አልነበረም፣ ከመሣሪያው ብረት ነው የመጣው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብረቱ እየዛገ ውሃው ውስጥ ይበተናል። ማዕድን ያለው ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ግን እምብዛም አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ምንም አይሆንም። የታሸገ የማዕድን ውሃ ብትከቱለትም ያንኑ አተላ ያወጣላችኋል። ይህን ያወቅኩት ግን ከፈረምኩ በኋላ ነው።

አዎ፣ ፈረምኩ። በዚያው ማታ፣ ታብሌት ላይ፣ በጣቴ። ለሙሉ ቤቱ ሶፍትነር (ጠንካራ ውሃን በጨው እየታገዘ የሚያለሰልስ መሣሪያ)፣ ከወጥ ቤቱ ሲንክ ሥር ደግሞ ማጣሪያ፣ «በወር ትንሽ ናት» ተብሎ ለአሥር ዓመት የሚከፈል። ጠቅላላውን ከነወለዱ እዚህ አልጽፈውም፣ ባለቤቴ ታነበዋለች።

ገጣሚዎቹ ሲመጡ ከቤዝመንት ጋን የሚያህል አሮጌ ነገር ነቅለው አወጡ። እኔ የማሞቂያው አካል ነበር የሚመስለኝ። «አይሠራም፣ እንጣልልህ?» አሉኝ። አመስግኜ አስጣልኩ። ማታ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ፣ በአጥር በኩል «ሶፍትነሩን ለምን አስወጣኸው? ደህና ነበር እኮ፣ ጨው አልቆበት ነው» አለኝ። አንድ ከረጢት ጨው።

ሕጉ መውጫ ነበረው። ሻጭ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ 25 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ሲሸጥላችሁ፣ ከፈረማችሁ በኋላ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምንም ምክንያት መሰረዝ ትችላላችሁ፤ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ ነው። ቅዳሜ ይቆጠራል፣ እሑድና የፌዴራል በዓል አይቆጠሩም። ሻጩ ይህንን በቃልም መንገር፣ መሰረዣ ቅጹንም በሁለት ቅጂ መስጠት አለበት። እኔ ጋ በቃል የነገረኝ የለም፤ ቅጹ በኢሜይል ከመጣው ረጅም ውል መጨረሻ ላይ ተወሽቆ ነበር። በስድስተኛው ቀን ስደውል «ጊዜው አልፏል» ተባልኩ። ደውሎ መሰረዝም አይበቃም፤ ቅጹን ፈርማችሁ ከዚያ እኩለ ሌሊት በፊት የፖስታ ማህተም እንዲመታበት አድርጉ፣ ደረሰኙንም ያዙ። እኔ የሚነግረኝ አላገኘሁም፣ እናንተ ግን ይኸው ተነገራችሁ። ከፈረማችሁ ከአንድ ወር በኋላ ውሉን ፎቶ አንስታችሁ «እስቲ እየው» ብትሉኝ አላይም።

ሶፍትነር መጥፎ ነው አላልኩም። ካልሲየሙን አውጥቶ በምትኩ ሶዲየም ያስገባል፣ ሥራው ይኸው ነው። ጨው ቀንስ የተባለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ ቧንቧ ሳይነካ እንዲገጠም ጠይቁ። በእኔ አስተያየት ጥንካሬው ከ120 በታች ለሆነ ውሃ ብር ማጥፋት ነው። ከ180 በላይ ከሆነ አስቡበት፣ ግን ራሳችሁ ሄዳችሁ ዋጋ አወዳድራችሁ እንጂ ሶፋችሁ ላይ ከተቀመጠ ሰው አትግዙ። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ከቶውንም አትሞክሩት፣ ለአከራይ ቤት ዕዳ የሚገባ ሰው አይቼ አልቅሼለታለሁ።

ያቺ እስክሪብቶ የምትመስል ቁጥር የምታሳይ መለኪያም አለች። 300 ስላለች ውሃው ተመርዟል ማለት አይደለም። የሟሙ ማዕድናትን በጅምላ ነው የምትገምተው፣ እርሳስን ለይታ አታይም። ማጣሪያ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፦ ኤንኤስኤፍ (የማጣሪያ ደረጃ መለያ ነው) 42 ለክሎሪን ጣዕምና ሽታ ነው፣ ለእርሳስ 53 የሚለውን ፈልጉ፣ ከሥሩም እርሳስ ተብሎ መጻፉን እዩ። ካርትሪጁን (ውስጡ ያለውን ተቀያሪ ማጣሪያ) በጊዜው የማትቀይሩ ከሆነ ባትገዙ ይሻላል።

ቤታችሁ የራሱ ጉድጓድ ካለው ኢፒኤ አይቆጣጠረውም፣ ኃላፊው እናንተ ናችሁ፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ ለባክቴሪያና ለናይትሬት አስመርምሩ።

ስልካችሁን የሰፈሩ የማስጠንቀቂያ መልእክት ላይ አስመዝግቡ። «ውሃ አፍሉ» የሚል ከመጣ፣ እየተንፈቀፈቀ ለ1 ደቂቃ አፍሉት፣ ከ6,500 ጫማ በላይ ከፍታ ላይ ከሆናችሁ ለ3 ደቂቃ። «አትጠጡ» የሚል ከሆነ ማፍላት አይረዳም፣ የታሸገ ውሃ ነው። በሁለቱም ጊዜ ፍሪጁ የሠራውን በረዶ ድፉት፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው።