ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅ ማጉያ ስትገጥሙ
መጀመሪያ መሰርሰሪያውን አስቀምጡት። መሃል ላይ ቁሙና አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ፤ ድምፁ ሳይጠፋ ሦስት አራት ሰከንድ ከቆየ ችግራችሁ የጉልበት ማነስ ሳይሆን ማስተጋባት ነው። ትልቅ ስፒከር መጨመር ያባብሰዋል። ቀጠን፣ ረዘም ያሉትን ምረጡ፤ ድምፁን ወደ ጣሪያው ሳይሆን ወደ ሰዉ ጆሮ ይልካሉ።

ከኋላ ተጨማሪ ስፒከር ካስፈለገ ድምፁን ማዘግየቱን አትርሱ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከፊተኛው 17 ሜትር የራቀውን በ50 ሚሊሰከንድ አካባቢ ታዘገዩታላችሁ፤ ካልሆነ ቃሉ ሁለቴ ይሰማል።

ሥዕል ያለበትን ግድግዳ በፍጹም እንዳትነኩ! ድንጋዩንም አትብሱ። መብሳት ግድ ከሆነ የቅርስ ባለሙያ ካየው በኋላ ብሎኑ በድንጋዮቹ መሃል ባለው ኖራ ይግባ፤ ኖራው ይጠገናል፣ የተበሳ ድንጋይ ግን አይመለስም።

የሰው ልብስና ገላ ድምፅ ስለሚውጥ የመጨረሻውን ማስተካከያ ቤቱ ሲሞላ አድርጉት።