በባዕድ አገር አዲስ የአገልግሎት ስፍራንና የመሪነት ኃላፊነትን ለሚረከብ ሚስዮናዊ

ከአገሩ ርቆ የሚያገለግል ሚስዮናዊ ወደ አዲስ ስፍራ ተመድቦ የመሪነት ኃላፊነትም አብሮ ሲሰጠው በአንድ ጊዜ ለሕዝቡ እንግዳ፣ ለአገልጋዮቹ ደግሞ አለቃ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንሰናከለው አለቅነቱን ለመጀመር ስንቸኩል እንግድነቱን ስለምንዘለው ነው። መሪነት የሚጸናው እንግድነቱን በአግባቡ ላሳለፈ ሰው እንደሆነ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች የምሰጠው ምክርም በዚሁ እምነት ላይ የቆመ ነው።

ሥራው ከርክክቡ ይጀምራል። የሚለቀው አገልጋይ ከመሄዱ በፊት ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን አብረውት ይቀመጡ፤ ይህ ካልተቻለ በስልክ ደጋግመው ያነጋግሩት። በተለመደው አሠራር የሚረከቡት ቁልፍ፣ የንብረት ዝርዝር፣ የሒሳብ መዝገብና የምእመናን ስም ዝርዝር ነው። ገንዘቡን ሦስተኛ ሰው ባለበት ቆጥረው፣ ተፈራርመው ይረከቡ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የማይገኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የተገባ ቃል ነው። ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ለአንዲት እናት የልጇን የትምህርት ቤት ማመልከቻ ሊጽፍላት፣ ለመዘምራኑ የልምምድ ክፍል ሊያዘጋጅላቸው፣ ለአንድ የታመሙ አዛውንት ደግሞ በየሐሙሱ እየመጣ ሊጸልይላቸው ቃል ገብቶ ሊሆን ይችላል። በሰዎቹ ልብ ውስጥ ቃሉን የሰጠው ግለሰቡ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኗም ናት። ስለዚህ ሐሙስ መጥቶ ሲያልፍ አዛውንቱ የሚያዝኑት በሄደው ሰው ሳይሆን በእርስዎ ነው። «ለማን ምን ቃል ገብተዋል?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት፤ መልሱንም በአንድ ገጽ ላይ ስሙን፣ ቃሉንና ቀኑን ለይተው ይጻፉ። መፈጸም የማይችሉት ካለ ሰው ሳይልኩ፣ እርስዎ ራስዎ በመጀመሪያው ሳምንት ቤታቸው ድረስ ሄደው ያስረዷቸው። አብዛኞቹ እውነቱን በጊዜ የነገራቸውን ሰው ያከብራሉ።

የሕግ ጉዳይን በአጭሩ ልለፈው። የያዙት ቪዛ የሃይማኖት አገልግሎት እንዲሰጡ የሚፈቅድ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በብዙ አገሮች የጎብኚ ቪዛ ይህን አይፈቅድም። የመኖሪያ ፈቃድዎ የሚያልቅበትን ቀን ከአንድ የሥራ ባልደረባዎ ጋር አብረው ይመዝግቡ፤ በባንክ ሒሳቡ ላይ የሚፈርሙት ሰዎችም ሳይውል ሳያድር ይቀየሩ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ሥራ ስም ማወቅ ነው። የሰዎቹን ስም ከዝርዝር ላይ ከማጥናት ይልቅ ከባለቤቶቹ አፍ ይስሙት፤ በሚሰሙት ድምፅ መሠረት በራስዎ ፊደል ይጻፉት፤ ከዚያም መልሰው ጠርተው ትክክል መሆኑን ይጠይቁ። በዚህ መንገድ በቀን አምስት ስም ቢይዙ በአንድ ወር ውስጥ አንድን መካከለኛ ጉባኤ በስም መጥራት ይችላሉ። ቋንቋውም እንደዚሁ ነው። አስተርጓሚ ቢኖርዎትም ሰላምታውን፣ ምስጋናውን፣ ይቅርታ መጠየቁንና «ይህን በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ በራስዎ አንደበት ይናገሩ። አስተርጓሚ ድልድይ ነው፤ በእርሱ ብቻ የሚኖር መሪ ግን የሚሰማው አስተርጓሚው ሊያሰማው የወደደውን ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1854 ሻንጋይ የደረሰው እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ሃድሰን ቴይለር በማግስቱ ዓመት የቻይናውያንን ልብስ ለብሶ፣ ጸጉሩንም እንደ እነርሱ ሠርቶ መኖር ሲጀምር የገዛ ወገኖቹ ተሳልቀውበት ነበር። ከእርሱ የምንማረው ልብስ መቀየርን ብቻ አይደለም፤ የመጣበት ማኅበረሰብ የሚያሾፍበትን ነገር ስለ ሚያገለግለው ሕዝብ ሲል መቀበሉን ነው። ዛሬም ከራስዎ አገር ሰዎች ጋር ብቻ መብላትና መጫወት እጅግ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑም አደጋው ነው።

አሁን ወደ መሪነቱ ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለሰው ደኅንነት፣ ለሕፃናት ጥበቃ ወይም ለገንዘብ ታማኝነት የሚያሰጋ ነገር ካላዩ በስተቀር ምንም አይለውጡ። ይህን የምለው ስለ ተማርኩበት ነው። እኔ በተመደብኩበት ስፍራ የምሽቱ የጸሎት ስብሰባ በጣም ቀደም ብሎ የሚጀምር መስሎኝ ሰው ይበዛል በሚል ሐሳብ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ኋላ ገፋሁት። ሁሉም በትሕትና ተቀበሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ዘወትር ከፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ መብራቱን የሚያበሩና ወንበሩን የሚወለውሉ አንዲት እናት ቀሩ። ምክንያቱን ከመናገር ሁሉም ተቆጠቡ፤ በመጨረሻ አንዲት ልጅ ነገረችኝ። ስብሰባው በአዲሱ ሰዓት ሲያልቅ ወደ ሰፈራቸው የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ አስቀድሞ አልፎ ነበር። ሰዓቱ የተቆረጠው በአውቶቡሱ ልክ ነበር። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ሰዓቱንም መለስኩት። ለእንግዳ ሰው ምክንያት የለሽ የሚመስለው ልማድ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያልተነገረው ልማድ ነው።

በዘጸአት መጽሐፍ ምዕራፍ 18 የተጻፈውን የዮቶርን ታሪክ በዚህ ዓይን እንደገና ማንበብ ይጠቅማል። የሙሴ አማት ዮቶር ለሙሴ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መምከሩን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከምክሩ በፊት የነበረውን ግን እንዘለዋለን፤ ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ በሙሴ ፊት ሲቆም ተመለከተ፣ ከዚያም «ለሕዝቡ የምታደርገው ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ የመከረው ከዚህ በኋላ ነው። እርስዎም አዲስ ሐሳብ ካለዎት በዚሁ ቅደም ተከተል ያቅርቡት፤ ሽማግሌዎቹም አስቀድመው ለብቻቸው ይስሙት እንጂ በጉባኤ መካከል ድንገት አይነሣባቸው።

ከአገልጋይ ባልደረባዎ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ያለ ሌላ አጀንዳ ተቀምጦ መነጋገር የግድ ነው። በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ ከተለያየ ባህል የመጡ ሁለት ሰዎች የሚጣሉት ብዙውን ጊዜ በትምህርተ ሃይማኖት ሳይሆን በዕቃ አያያዝ፣ በሰዓት አከባበርና በንግግር ቃና ነው። ጳውሎስና በርናባስ እንኳ በዮሐንስ ማርቆስ ምክንያት እስከ መለያየት ደርሰዋል፤ ኋላ ግን ጳውሎስ ማርቆስን ይዞት እንዲመጣ ጢሞቴዎስን ጠይቋል። ቅሬታ ሲኖርዎት ሳይቆይ፣ ለብቻው፣ የተደረገውን ነገር ጠቅሰው ይናገሩ። ለበላይ አለቃ በደብዳቤ ማሳወቅ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው።

ከመጀመሪያው ወር አንስቶ «ከእኔ በኋላ ይህን ማን ይሠራዋል?» ብለው ይጠይቁ። በ19ኛው መቶ ዘመን የሚስዮን ማኅበራት መሪዎች የነበሩት እንግሊዛዊው ሄንሪ ቬንና አሜሪካዊው ሩፉስ አንደርሰን የሚስዮን ሥራ ግብ ራሷን የምታስተዳድር፣ ራሷን በገንዘብ የምትችልና ወንጌልን በራሷ የምታስፋፋ የአገሬው ቤተ ክርስቲያን መሆን እንዳለበት አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። ይህ በተግባር ሲታይ ትንንሽ ነገር ነው፤ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ የአገሬው ሰው እንዲጽፍ፣ ስጦታውን ሁለት የአገሬው ሰዎች እንዲቆጥሩ፣ ስብከቱንም ተራ ገብተው እንዲሰብኩ ማድረግ ማለት ነው። ስብከታቸው እንደ እርስዎ ባያምርም እነርሱው ይስበኩ። የጎደለውን ሁሉ ከኪስዎ መሙላት ግን፣ ከፍቅር ቢመነጭም፣ ጉባኤውን ጥገኛ አድርጎ ተተኪዎን ያስጨንቃል።

የራስዎን ነፍስም አይርሱ። የመጀመሪያው ደስታ ሲበርድ የብቸኝነትና የድካም ጊዜ ይመጣል፤ ሲመጣም የእምነት መጉደል አድርገው አይቁጠሩት። በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይያዙ፤ ከአለቆችዎም ከሚመሯቸውም ሰዎች ውጭ የሆነ፣ የልብዎን የሚያካፍሉት አንድ ሰው ይኑርዎት።

በመጨረሻም፣ በደረሱበት ቀን አዲስ ደብተር ይክፈቱ። ስሙ፣ ቃሉና ቀኑ የሰፈረበትን ያንን ገጽ ከፊት ለፊት ያኑሩት፤ ከዚያ በኋላ እርስዎ የሚገቡትን ቃል ሁሉ በዚያው ቀን ይጨምሩበት፤ የተፈጸመውንም ይሰርዙ። የዝውውር ደብዳቤው የሚመጣበት ቀን አይታወቅምና ደብተሩ ሁልጊዜ ለርክክብ የተዘጋጀ ይሁን።