ስለ ምዕራባውያን ስንከራከር የምንሰራቸው ስህተቶች (እኔም ሰርቻለሁ)

ደሴ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶችን ክርክር አለማምዳለሁ። ርዕሱ ማዕቀብና ሰብዓዊ መብት የሆነ ቀን ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ ጩኸት ይጀመራል። ስህተቱ ግን ሁሌ ያው ነው። መናገሩ ስለሰለቸኝ ልጻፈው።

"ምዕራባውያን እንዲህ አሉ" አትበሉ። ማን ነው ያለው? ፕሬዚዳንቱ? ምክር ቤቱ? አንድ ጋዜጣ? እነሱም እርስ በርስ ይጣላሉ እኮ። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ ኮንግረስ በደቡብ አፍሪካው የአፓርታይድ መንግሥት ላይ ማዕቀብ የጣለው የራሱን ፕሬዚዳንት የሬገንን ቬቶ (እምቢታ) ሽሮ ነው።

ንግግራችሁን በ"ሀገር ሻጭ" አትጀምሩ። ይሄንን አላብራራም።

ደሜን የሚያፈላው ግን የሟቹን ወገን አይቶ ሪፖርት ማመን ነው። የካቲት 2013 የመብት ድርጅቱ አምነስቲ የኤርትራ ወታደሮች አክሱም ላይ ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን ሲያወጣ "የተገዙ ናቸው፣ ስልክ ደውለው የጻፉት ተረት ነው" ያለ ሰው፣ በዓመቱ፣ የካቲት 2014፣ ያው አምነስቲ የትግራይ ኃይሎች ቆቦ ላይ ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን ሲያወጣ "ይኸው ዓለም መሰከረ!" ብሎ ለሃምሳ ሰው ያጋራል። ወዲያ ማዶ ደግሞ የፊተኛውን አቅፎ የኋለኛውን የሚረግም አለ። እንዴት ነው አንድ ድርጅት ባንዱ የካቲት ውሸታም፣ በሌላው የካቲት እውነተኛ የሚሆነው? "ያለ ሰው" አልኩ እንጂ ሰውየው እኔ ነኝ። ከልጆቹ አንዷ ሁለቱን ሪፖርት በስልኳ ከፍታ አፍንጫዬ ስር አመጣችው። "ጋሼ፣ እዚህም የተረፉትን አነጋገሩ፣ እዚያም የተረፉትን አነጋገሩ። እርስዎ ምኑን ለይተው ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ባዶ ስኒ አንስቼ የምጠጣ መሰልኩ። ሪፖርት አይነቀፍ አላልኩም። ምስክሩን፣ ቁጥሩን፣ ቦታውን መርምሩ፤ ግን ሁለቱንም በአንድ ወንፊት ንፉት።

"ሁለት ሚዛን ነው ያላቸው፤ ስለ ፍልስጤም ለምን ዝም አሉ?" የሚለውም እዚህ ይገባል። ጥያቄው ትክክል ነው፣ እኔም እጠይቃለሁ። የነሱ ሚዛን መንሻፈፍ ግን እዚህ የተገደለውን አልተገደለም አያሰኝም።

ሌላው፣ ከታሪክ የሚመቸውን ቆርሶ መሸሽ ነው። ለኛ ለደሴዎች 1928 አለልን። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያን ላይ ማዕቀቡን ኅዳር 8 ጀመረ። ኅዳር 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር። አንዱ ተነስቶ "አያችሁ፣ ማዕቀብ ዋጋ የለውም" ይላል። ነዳጅ ማዕቀቡ ውስጥ እንዳልነበረ፣ የጣሊያን መርከቦች የሚያልፉበት ስዊዝ ካናልም እንዳልተዘጋ ይዘላል። ሌላው ደግሞ "ጠበቅ ቢያደርጉት ይሰራል" ይልና የ1969ን ይዘላል። ያኔ የአሜሪካው የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ምክንያት ለደርግ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ ቀነሰ። ደርግ ወደ ሞስኮ ዞረ፤ ቀይ ሽብሩም አልቆመም።

የመጨረሻው፣ ሁሉንም "ማዕቀብ" ብሎ መጥራት። የባለሥልጣን ቪዛ መከልከል አንድ ነው፣ እርዳታ ማቆም ሌላ ነው። አጎዋ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። አሜሪካ ገበያ ላይ ያለ ቀረጥ የመሸጥ ዕድል ነበር፤ የሰጠችው አሜሪካ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነሳችን፤ ምክንያቷም የመብት ጥሰት ነበር። የቪዛው ክልከላ የሚጎዳው ሹሙን ነው፣ የአጎዋው ልብስ ሰፊዋን። እዚህ ላይ አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። ግማሹ "ኮምቦልቻን ያደኸያት አሜሪካ ናት"፣ ግማሹ "የለም፣ ፓርኩን የዘረፈው ጦርነቱ ነው"። ቡና የምታፈላልን ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሱሪ ትሰፋ ነበር። ጀበናውን ከከሰሉ አንስታ፣ "ማሽኑን የነቀለው ባይደን አይደለም፤ ገበያውን የዘጋው ግን እሱ ነው" አለች። ሁሉም ዝም ሲል፣ "አሁን የሚቀጥር ካወቃችሁ እሱን ንገሩኝ" ብላ ሦስተኛውን መቅዳት ጀመረች።